አባቴ የማይሰማው ድምፅ

"ኮምፒውተሬ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው" ስል ሀዋሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚገጥመኝ። አንደኛው "ውሃና መብራት? ደህና ነህ ግን?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ውሃውን ከየት አምጥተህ?" የሚል። ይሄኛውን የሚጠይቀኝ በጄሪካን ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ነው። ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው፣ መልስም አላቸው። እኔን ለወራት ያስቸገረኝ ማንም ያልጠየቀኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ጸጥ ያለ ፓምፕ እንግዛ ስንል፣ ጸጥታው ለማን ጆሮ ነው?

ቤታችን ፒያሳ ነው፤ ከሱቆቹ ጀርባ አንድ ጊቢ ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ። ሁለት ክፍል ነው ይባላል እንጂ እውነቱን ለመናገር በኮምፔርሳቶ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። በወዲህ የእኔ ጠረጴዛና አልጋ፣ በወዲያ አባቴ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ቀን ቀን የባጃጁ ጡሩንባ፣ የየሱቁ ሙዚቃና የሰዉ ጫጫታ ሁሉንም ድምፅ ይውጠዋል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ግን ፒያሳ ዝም ይላል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው።

ውጭ አገር ላለ ትንሽ ድርጅት ነው የምሠራው፤ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር። ሞዴል ለማሠልጠን ጉልበት ያለው ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት ላይ በሰዓት መከራየት ይቻላል፣ ግን የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በአንድ ወር ውስጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100ን አለፈ። ካርዱን ከዚያ በፊት ስለገዛሁት እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። አሁን ቢቃጠል በቀላሉ አልተካውም። ስለዚህ ካርዱ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው፤ የሁለታችንም ቀለብ ያለው እሱ ላይ ነው።

ይህ ካርድ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ 300 ዋት ይበላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚፈጀው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ሙቀቱ የሚወጣው ከብስኩት ከማትበልጥ ቺፕ መሆኑ ነው። የራሱ ፋኖች ሙቀቱን ለማውጣት ሲታገሉ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻሉ። ሀዋሳ ላይ ደግሞ የበለጠ ይታገላሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው 16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው አየር ሲሳሳ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ለእኛ ከፍታ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይህን አንብቦ ነገ ፓምፕ ፍለጋ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ለአብዛኛው ሰው ከሁሉም አስተማማኙ ፓምፕ ያልተገዛ ፓምፕ ነው። ፕሮሰሰር ብቻ ከሆነ የምታቀዘቅዙት፣ ትልቅ የብረት ማቀዝቀዣ ከነቀርፋፋ ፋኑ ይበቃችኋል። ቢበላሽ የሚበላሸው ፋኑ ነው፤ ፋን ደግሞ የትም ይገኛል። እኔን ወደ ውሃ የገፋኝ የካርዱ ሙቀት፣ የሌሊቱ ሰዓትና ኮምፔርሳቶው አንድ ላይ ተደማምረው ነው። ኮምፔርሳቶ ስላችሁ አባቴን ማለቴ ነው።

አባቴ 22 ዓመት የፓምፕ ኦፕሬተር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ እርሻ ላይ ውሃ ወደ ቦዩ የሚገፉ የናፍጣ ፓምፖችን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ይጠግናል። ሞተር ሲታመም የሚያውቀው በጆሮው ነው። ካቻቢቴ ያወጣና ጫፉን ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆይና "ይሄ ሁለት ሳምንት አይቆይም" ይላል። እኔ ልጅ ሆኜ አስማት ይመስለኝ ነበር። ምህንድስና ተምሬ ስመለስ ግን ንዝረትን በመለካት የማሽን ጤና መከታተል የሚባል ትምህርት መሆኑን አወቅኩ። ለእሱ መሣሪያው ካቻቢቴ ነበር፣ በቃ።

ያ ጆሮ ግን ተበላሽቷል። ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ያለ መከላከያ ሊሠራበት የማይገባ ድምፅ ተብሎ በብዙ አገር የሚታወቀው መጠን 85 ዴሲቤል ነው። በቆርቆሮ በተሠራ ፓምፕ ቤት ውስጥ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ይህን ለማለፍ አይቸግረውም። እንዲህ ያለ ጫጫታ ጆሮን የሚጎዳው በተራ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። የወፍ ዝማሬ ይጠፋል። ከዚያ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይደክማሉ። ሰው እያወራ እንደሆነ ትሰማለህ፣ ምን እንዳለ ግን አይለይልህም። ጎረቤቶች አባቴን "ኩሩ ሆነ፣ ሲጠሩት አይመልስም" ይሉት ነበር። ኩራት አይደለም፣ ፊደሉ ተበልቶበት ነው።

ሌላም አለ። "ጆሮዬ ይጮኻል" ይላል። ቀን ብዙም አያስታውሰውም። ማታ ቤቱ ዝም ሲል ነው የሚብስበት።

አሁን ጉዳዩ ይታያችኋል? ፓምፕ የዚህን ሰው ጆሮ በላ። እኔ ደግሞ ሌላ ፓምፕ አምጥቼ ከራስጌው ላስቀምጥ ነው።

የውሃ ማቀዝቀዣ ሲባል ነገሩ ቀላል ነው። ከካርዱ ቺፕ ላይ የመዳብ ሰሌዳ ይገጠማል፣ ውሃ በውስጡ ያልፋል፣ ሙቀቱን ይዞ ራዲያተር ጋ ይሄዳል፣ እዚያ በፋን ይቀዘቅዝና ይመለሳል። መኪና ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፑ ነው። ራዲያተር ሲያረጅ ቀስ ብሎ ነው፤ ፓምፕ ግን ከቆመ ቆመ። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው በሌላው ይቆጥብና በፓምፕ ላይ አይቆጥብ የሚባለው።

ተገጣጥሞ ታሽጎ የሚሸጠውን ዓይነት መጀመሪያውኑ ተውኩት። ፓምፑ ከሰሌዳው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ውሃው ከዓመት ዓመት በጎማው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይተናል፣ ብዙዎቹን ደግሞ ከፍቶ መሙላት አይቻልም። ፓምፑ ከሞተ ሁሉም ይጣላል። ሱቅ በሞላበት ከተማ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን "ይጣላል" ማለት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እስኪገኝ ሥራ ፈቶ መቀመጥ ማለት ነው።

ለብቻው ከሚሸጠው ፓምፕ በዓለም ዙሪያ ሰው የሚመርጠው ሁለት ነው ማለት ይቻላል፦ ዲ-5 እና ዲዲሲ። ሁለቱም የመነጩት ኒኮላውስ ላይንግ የተባለ ጀርመናዊ ፈጣሪ ከመሠረተው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው በኋላ ዛይለም በሚባለው የውሃ መሣሪያዎች ድርጅት ሥር ገብቷል። በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሞተር አንድ ነው። ዲ-5 ላይ የሚገርመው ዘንግ የሌለው መሆኑ ነው። የሚሽከረከረው ክፍል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ አንዲት የሴራሚክ ኳስ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያለሰልሰው ራሱ የሚያልፈው ውሃ ነው። ዘንግ ስለሌለ ዘንጉ ጋ የሚያፈስ ጎሚኒም የለም። ይህን ለአባቴ በወረቀት ስዬ ሳሳየው ረዘም ላለ ጊዜ አየው። "ጎሚኒ የለውም?" አለ። የለውም አልኩት። "እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎሚኒ ስቀይር ነው'ኮ" ብሎ ሳቀ።

ዲዲሲ ትንሽ ነው፣ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ውሃን በኃይል የመግፋት አቅሙም ይበልጣል። ግን ይሞቃል፣ ድምፁም ቀጠን ያለ ነው። ዲ-5 ተለቅ ይላል፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፣ ድምፁ ወፈር ያለ ጉምጉምታ ነው። በግምገማዎች ሁሉ "ጸጥተኛው ዲ-5 ነው" ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እኛ ቤት ግን ሁለት ዓይነት ጆሮ አለ። አንድ ቀን ማታ ስልኬ ላይ የድምፅ ማውጫ አፕ ከፍቼ ለአባቴ አሰማሁት። 4,000 ኸርዝ ላይ ለእኔ ጥርስ የሚያፋጭ ሆነ፣ እሱ "ከፈትከው?" አለኝ። ወደ ታች ስወርድ፣ 500 ላይ፣ 200 ላይ፣ እንደ ማንም ሰው ሰማ። ስለዚህ እኔን የሚያሳብደኝ የዲዲሲ ቀጭን ድምፅ ለአባቴ የለም ማለት ነው። ለእኔ "ጸጥተኛ" የሆነው ዲ-5 ግን እሱ በደንብ በሚሰማበት በኩል ነው ያለው። በሙሉ ፍጥነት በደቂቃ 4,800 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 80 መሆኑ ነው። ይህ ወፍራም ድምፅ ደግሞ በአየር ብቻ አይሄድም። ጠረጴዛው ውስጥ ይገባል፣ ከጠረጴዛው ወለሉ ውስጥ፣ ከወለሉ ኮምፔርሳቶው ውስጥ፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው።

በዴሲቤል ብቻ የሚመርጥ ሰው ይህን አያየውም። ዴሲቤል ምን ያህል እንደሚጮኽ ይነግራችኋል እንጂ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደተኛ አይነግራችሁም።

መፍትሔው የመጣው ከሒሳብ ነው። ውሃ ሙቀት በመሸከም ጎበዝ ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4,180 ጁል ያስፈልጋል። 300 ዋት ሙቀት በደቂቃ 4 ሊትር በሚያልፍ ውሃ ላይ ቢጫን፣ ውሃው ገብቶ ሲወጣ የሚሞቀው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፍሰቱን በግማሽ ብትቀንሱት 2 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ዲግሪ ለካርዱ ምንም ማለት አይደለም። ዲ-5 ግን ነፃ ሲለቀቅ በሰዓት 1,500 ሊትር ድረስ መግፋት ይችላል፤ በደቂቃ 25 ሊትር ነው። ቧንቧውና ሰሌዳው አንቀው ብዙውን ቢቀንሱት እንኳ ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

የፓምፕ ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንስ ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፣ የሚበላው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ። ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ፓምፕ ማለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ፓምፕ ማለት አይደለም፤ ሳይጨነቅ ቀስ ብሎ የሚሠራ ትልቅ ፓምፕ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግረው አዲስ ነገር አልሆነበትም። "በሬ ሲበረታ አያለከልክም" አለኝ።

ዲ-5ን መረጥኩ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 ላይ በደቂቃ 1,800 ዙር፣ 2 ላይ 2,550። ለአክስቴ ልጅ ነግሬያት በሻንጣ ይዛልኝ መጣች።

የት እንደሚቀመጥ የወሰነው ግን አባቴ ነው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ነበር ያሰብኩት። እሱ ቆሞ አየና "ፓምፕ ቤት ከሰው ርቆ ነው የሚሠራው" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ "እኛን ግን ከጎኑ አስተኙን" አለ። እውነት ነው። የኦፕሬተሩ ቤት ከፓምፕ ቤቱ አጠገብ ነበር፤ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። ሞተር ሌሊት ቢቆም ቶሎ እንዲነሳ ታስቦ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲያማርር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያችም አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ስለዚህ ፓምፑና ራዲያተሩ ከአባቴ ግድግዳ ተነስተው በመንገዱ በኩል ወዳለው ግንብ ሄዱ። ሁለት ሜትር ጎማ ተጨመረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ራዲያተሩ ከፍ ስላለ ፓምፑ ውሃውን "ማንሳት" አለበት ብሎ ያስባል። በዝግ ዑደት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣውን ውሃ የሚወርደው ይመዝነዋል። ፓምፑ የሚታገለው ከጎማውና ከሰሌዳው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ከፓምፑ ሥር ከፍራሽ የተቆረጠ ወፍራም ስፖንጅ አደረግን፤ ግንቡን የሚነካ ምንም ነገር የለም። ይህ ስፖንጅ ሳንቲም አልወጣበትም። ለጸጥታው ግን ከፓምፑ ዋጋ ይበልጥ ሳይሠራ አልቀረም።

አስተማማኝነት የሚባለው ደግሞ እዚህ አገር የራሱ ትርጉም አለው። ፋብሪካው ለዲ-5 የሚሰጠው ዕድሜ 50,000 ሰዓት ነው። ይህ ግን መብራት የማይሄድበት አገር ቁጥር ነው። ፓምፕን የሚፈትነው መዞሩ ሳይሆን ቆሞ መነሳቱ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ፓምፑንም ዩፒኤስ ላይ አደረግኩት። የፓምፑ አንድ ቀጭን ሽቦ የዙሩን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ከወረደ ሥራውን አቁሞ ማሽኑን የሚያጠፋ 20 መስመር ያህል ኮድ ጻፍኩ። የካቻቢቴውን ሥራ የሚሠራ ኮድ ነው፣ ብዙም አልተሻሻለም።

ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውሃ በፍጹም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የምድሩ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ የሆነውም በፍሎራይዱ ነው። ጥርስ ላይ እንዲህ ከሠራ የሰሌዳውን ፀጉር የሚያክሉ ቦዮች ምን እንደሚያደርግ አስቡት። መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ንጹሕ የባትሪ ውሃ ይበቃል፤ አሲድ የገባበት እንዳይሆን ግን ጠይቁ። ዝገት የሚከላከል ጥቂት ኩላንት ይጨመርበታል። ሌላው ጉዳይ ብረቱ ነው፦ ሰሌዳው መዳብ ከሆነ ራዲያተሩ አሉሚኒየም አይሁን፤ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

የሞላን ቀን የመራው አባቴ ነበር። "ፓምፕ ውሃ አይስብም፣ የደረሰውን ይገፋል" ብሎ ማጠራቀሚያውን ከፓምፑ በላይ አስደረገኝ። ውሃ ሳይደርሰው ለሰከንድም እንዳላስነሳው አስጠነቀቀኝ፤ ዲ-5ን የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ስለሆነ ምክሩ ለእሱ ይበልጥ ይሠራል። አየር እስኪወጣ ራዲያተሩን ወዲህና ወዲያ አዘነበልን። አረፋው ሲያልፍ እኔ በጆሮዬ ስሰማ እሱ ሁለት ጣቱን ጎማው ላይ አሳርፎ "አሁንም አለ... አሁንም... አሁን ወጣ" ይል ነበር። ከእኔ ጆሮ የእሱ ጣት ይቀድም ነበር።

መጀመሪያ 1 ላይ አደረግኩት። ምንም አይሰማም። ካርዱም ደህና ቀዘቀዘ። አባቴን "ይረብሽሃል?" ስለው "ምኑ?" ይለኛል። በቃ፣ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ሌሊት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ የቻለውን ቆየና ኮዱ ሁሉንም አጠፋ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ "ምነው ቆመ?" የሚል ድምፅ መጣ። ተኝቶ ነበር። ፓምፑ ሲሠራ አይደለም የነቃው፣ ሲቆም ነው። እንደ ድሮው።

"ትሰማዋለህ እንዴ አባዬ?" አልኩት።

"መስማትስ... እንጃ። ሲኖር የጆሮዬ ጩኸት ይቀንሳል" አለኝ።

በኋላ ሳነብ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ሙሉ ጸጥታ ውስጥ ሲሆን ጩኸቱ ይጎላበታል፤ ለስለስ ያለ የማይለዋወጥ ድምፅ ከጀርባ ሲኖር ብዙ ሰው ይቀለዋል። ሐኪሞችም ይመክሩታል። በማግስቱ መቆጣጠሪያውን ከ1 ወደ 2 አዞርኩት። ለካርዱ ምንም ለውጥ አላመጣም። ለእኔ ትንሽ ጉምጉምታ ተጨመረ፣ ለመድኩት።

የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች። "ምን ላምጣልህ?" ስትለኝ አፌ ላይ የነበረው ሁለተኛ ዲ-5 ነበር፤ መጠባበቂያ። ማንም ልምድ ያለው ሰው ይህንኑ ነው የሚላችሁ። ግን ባለፈው ወር የጆሮ ሐኪም አባቴን መርምሮ የመስማት ልኬቱን በወረቀት ሰጥቶናል፤ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ እንደሚጠቅመው ነግሮናል። የእሷ ገንዘብም የእኔም ለሁለቱ አይበቃም።

የጻፍኩት ኮድ የፓምፑን ዙር በየደቂቃው መዝግቦልኛል። ሰባት ወር ሆነው፣ መስመሩ ዝንፍ አላለም። አስተማማኝ ዕቃ የሚገዛው ለዚህ ይመስለኛል፤ ገንዘባችሁን ሌላ ነገር ላይ እንድታውሉት ጊዜ ይሰጣችኋል። የመስሚያ መሣሪያውን እንድታመጣ ነገርኳት። አባቴ ሲሰማ "ለፓምፑ መጠባበቂያ ሳይኖረው?" ብሎ ተቆጣኝ። የኦፕሬተር ቁጣ ነው።

ልኬቱን በስልክ ልኬላታለሁ። መሣሪያው ሲመጣ ወፎቹን ይስማቸው እንደሆነ አላውቅም። የዲ-5ን ቀጭን ድምፅ ግን ይሰማ ይሆናል፤ ያኔ ሌላ ስፖንጅ እንቆርጣለን።